የመጀመሪያውን ዝናብ የማያምን ዘር

40 የግራር ዘር ዘራሁ። አንድም አልበቀለም።

ለስላሳ አፈር አዘጋጅቼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣሁ ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅሁ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ ሳጥኑን አየዋለሁ። አፈሩ እንዳለ ነው። አንድ ቀን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ልቤ ዘለለ። አረም ነበር።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና አፈሩን ገለበጥሁት። ዘሮቹን በስብሰው፣ ሸትተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ምንም አልሆኑም። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ገና ትናንት ከቆባቸው የወጡ ይመስላሉ። አንዷን ወለሉ ላይ ብጥላት እንደ ጠጠር ቋ ብላ ነጠረች። ሁለት ወር እርጥብ አፈር ውስጥ የከረመ ነገር እንዴት እንዲህ ይጮኻል?

ጥቂቶቹን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ችግኝ ሲያፈሉ ዕድሜያቸውን ወደጨረሱ አንድ አዛውንት ሄድሁ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሞተዋል መሰለኝ» አልኋቸው።

አንዷን አንሥተው በጥርሳቸው መሃል ጫን አሏት። አልተሰበረችም። ሳቁ።

«አልሞቱም ልጄ። አላመኑህም እንጂ።»

«ሁለት ወር ሙሉ እኮ አጠጥቻቸዋለሁ።»

«እሱን ነዋ የማያምኑት!»

ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወሩም። ጥፍር መቁረጫ እንዳለኝ ብቻ ጠየቁኝ። ሰውየው የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት ምድር የመጀመሪያው ዝናብ አታላይ ነው። አንድ ቀን ዶፉን ያወርደውና ለሦስት ሳምንት ድራሹ ይጠፋል። ያንን ዝናብ አምኖ የነቃ ዘር አለቀለት። ሥሩ ወጥቶ ካደገ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ተመልሶ መተኛት የለም። ስለዚህ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ የሚተርፈው ተጠራጣሪው ነው። የግራርና የብዙ ዘመዶቹ ዘር ውሃ በማያሳልፍ ሽፋን የታሸገ ነው። ሽፋኑን የሠሩት ሴሎች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። ውጭው ኩሬ ቢሆን ውስጥ ያለው ጽንስ አይሰማውም። በብዙዎቹ ላይ፣ ከዘሩ እምብርት፣ ማለትም ከቆባው ጋር ተያይዞ ከነበረበት ጠባሳ አጠገብ፣ አንዲት ደካማ ነጥብ አለች። በሩ እሷ ናት። ሙቀት ሲበረታባት፣ አሸዋ ሲፍቃት፣ የእንስሳ ሆድ ሲያሻት ትከፈታለች። ለውሃ ብቻ ግን አትከፈትም።

የጥፍር መቁረጫው ምሥጢር ይኸው ነው። ከዘሯ እምብርት በተቃራኒ በኩል ሽፋኗን ትንሽ ቆረጥ ታደርጋላችሁ። ከሥር ነጣ ያለ ነገር እንደታየ ማቆም ነው። ከዚያ ካለፋችሁ ጽንሱን ትጎዳላችሁ። በእምብርቷ በኩልም አይነካም፤ ሥሯ የሚወጣው በዚያ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ላይ ማሸትም ይሠራል፤ ጣት ያደማል እንጂ። መጀመሪያ ላይ ዘር ማቁሰል ከበደኝ። ለዘር የሚደረግ ነገር ሁሉ ማለስለስ፣ ማሞቅ፣ ማቀፍ ይመስለኝ ነበር።

ለብዙ ዘር የሚሻለው ሙቅ ውሃ ነው። ውሃው ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። ትንሽ ፋታ ይሰጠውና ዘሩ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ራሱ እየቀዘቀዘ ያድራል። ውሃው ከዘሩ ብዙ እጥፍ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ወዲያው ቀዝቅዞ ሽፋኑን ሳይፈታው ይቀራል። «ከእሳት ይወርዳል» የምትለዋን ቃል አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ድስቱን ሳላወርድ ዘሩን ጨምሬ፣ ስልክ ተደውሎልኝ ወሬ ጀመርሁ። ስመለስ ዘሩ ተቀቅሏል። ጥሩ መዓዛ ነበረው፣ ምን ያደርጋል።

በትክክል ከተሠራ ግን ጠዋት ላይ የሚታየው ነገር ደስ ይላል። ማታ እንደ ጠጠር የነበሩት አብጠው፣ ገርጥተው፣ በጣት ሲነኳቸው ለስልሰው ይገኛሉ። ያበጡት ይዘራሉ። እንደነበሩ የቀሩት ሁለተኛ ዙር ሙቅ ውሃ ይጠጣሉ። ወደ ላይ የሚንሳፈፉትን ያዝ አድርጋችሁ እዩአቸው፤ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፣ ወይም ነቀዝ ቤት ሠርቶባቸዋል።

የነቀዙ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ቆባው ገና ዛፉ ላይ እያለ ነው። ትሉ ዘሩ ውስጥ ገብቶ እየበላ ያድጋል፤ በመጨረሻ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ከዛፍ ሥር የለቀምሁት ዘር ግማሹ እንደ ወንፊት ሲሆን የገባኝ ያኔ ነው። አሁን ቆባው ቡናማ ሆኖ ሳይወድቅ ከዛፉ ላይ እሰበስባለሁ። ከአንድ ዛፍ ብቻም አልወስድም፤ ልጆቹ ሁሉ የአንድ እናት እንዳይሆኑ። በደንብ አድርቄ ጥቂት ቀን ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አሳድራለሁ፤ ትሉ በዚያው ያልቃል፣ ደረቅ ዘር ግን አይጎዳም። ፍየልም የራሷን ሥራ ትሠራለች። ቆባውን በልታ፣ ዘሩን በሆዷ አሽታ፣ ከእናቱ ጥላ ርቆ በበጠጥ መሃል ታስቀምጠዋለች። ከእኔ የተሻለች ችግኝ አፍይ ናት። ደሞዝ አትጠይቅም፣ ስልክም አታነሣም። ችግሩ፣ የዘራችውን ሲበቅል ተመልሳ መብላቷ ነው።

በሁለተኛው ዙር አንድ ሙከራ ሠራሁ። 30 ዘር ጫፉን ነካሁ፤ 30 ዘር እንዳለ ተውሁ። የተነኩት በ10 ቀን ውስጥ 26ቱ ወጡ። ያልተነኩት ሳጥን ውስጥ በመጀመሪያው ወር ሁለት ወጣ። በአራተኛው ወር አንድ። ከዚያ ሞቃቱ ወቅት አልፎ እርጥበት ሲመለስ ሦስት በአንድ ሳምንት። በ14ኛው ወር ደግሞ፣ ሳጥኑን ረስቼው ሌላ ዕቃ ላዩ ላይ ደርቤበት ሳለ፣ አንድ ቀንበጥ በጎን በኩል አንገቱን አጣሞ ወጥቶ አገኘሁት።

መጀመሪያ ላይ ይህንን እንደ ድክመት ቆጥሬው ነበር። አሁን ሳስበው ስስታሙ እኔ ነኝ። ሁሉም ባንድ ቀን እንዲወጣልኝ የምፈልገው ለሳጥኔና ለመዝገቤ ስለሚመቸኝ ነው። ዛፉ ግን ልጆቹን በአንድ ዝናብ ላይ አይወራረድባቸውም። ጥቂቱን ዘንድሮ፣ ጥቂቱን ከርሞ፣ የቀረውን ማን ያውቃል መቼ። አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ የበቀሉትን ጠራርጎ ቢበላ፣ አፈር ውስጥ የተኙት አሉ።

ትዕግሥት ሲነሣ ቴምርን ማለፍ አይቻልም። እስራኤል ውስጥ ማሳዳ በተባለው ጥንታዊ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁፋሮ ሲካሄድ የቴምር ፍሬዎች ተገኙ። ዕድሜያቸው 2000 ዓመት ገደማ ነው። ለአሥርት ዓመታት ዕቃ ቤት ተቀመጡ። ከዚያ ሣራ ሳሎን የተባሉ ሐኪም ለምነው ጥቂቱን አገኙ፤ የእርሻ ባለሙያዋ ኢሌን ሶሎዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስቱን ዘሩ። አንዱ በቀለ። ማቱሳላ ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ ትልቅ ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ዘሩን የጠበቀው ጠንካራ ሽፋን ብቻ አይደለም፤ የበረሃው ድርቀት ነው። ድርቀት የሚገድል ብቻ ይመስለን የለ?

ሁሉም ዘር ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ድርቅን የሚችል ዛፍ ሁሉ ጠንካራ ዘር አለው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ኒም ትልቅ ሆኖ ፀሐይን ይንቃል፤ ዘሩ ግን በሳምንታት ውስጥ መድከም ይጀምራል። ከአንድ ወዳጄ በፖስታ የተላከልኝን የኒም ዘር «ጊዜ ሳገኝ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ዓመት አቆየሁት። አንድም አልወጣ። ያኛው ዘር ቶሎ ሊነቃ ሲፈልግ እኔ አስተኛሁት። ሽፈራው (ሞሪንጋ የሚባለው ዛፍ) ደግሞ ግልጽ ሰው ነው፤ ምንም ሳትነኩት በሳምንት ሁለት ሳምንት ብቅ ይላል፤ አሮጌ ዘር ግን አይወድም። ሮማን ፍሬው ላይ ያለው ጣፋጭ ሥጋ ታጥቦ ከወጣለት ብዙ አያስቸግርም። ወይራ አጥንት ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ጫፉን ቀስ ብሎ ካልሰበሩለት ወራት ያስጠብቃል። ኪትክታ ትንሽ ጥቁር ዘር ናት፤ ክንፍ ካለው ቤቷ ታወጧትና ሙቅ ውሃ ታቀምሷታላችሁ። ባሕር ዛፍ ምንም አይፈልግም፤ ዘሩ እንደ ትቢያ ደቃቅ ስለሆነ ቀብራችሁት እንዳትገድሉት ብቻ።

ጭስ የሚጠብቁም አሉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ አካባቢ ያለው ቁጥቋጦ እሳት ካለፈበት በኋላ እንደ አዲስ ይበቅላል። ሙቀቱ ነው ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ጭሱ ብቻውን ዘር እንደሚቀሰቅስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጭስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ለእኔ ይህ አሳማኝ ነው። ቁጥቋጦው ሲቃጠል ብርሃንና ቦታ ይገኛል፤ ጭሱ የምሥራች ነው። እኔ በጭስ የሞከርሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ስለተቆጣ ተውሁት።

ዘሩ ከበቀለ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከመብቀሉ ይብሳል። 26ቱን ግራሮች እንዴት እንደወደድኋቸው! አጠጣኋቸው። እንደገና አጠጣኋቸው። ፀሐይ እንዳይመታቸው ጥላ ውስጥ ከተትኋቸው፤ ነፋስ እንዳይነካቸው ላስቲክ አለበስኋቸው። በሳምንቱ ጠዋት 11ዱ ተኝተው ተገኙ። ግንዳቸው ከአፈሩ አጠገብ እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቷል፤ ቅጠላቸው ግን ገና አረንጓዴ ነው። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ነው ይህን የሚያደርገው። እርጥበት፣ የታፈነ አየርና ጥላ ካገኘ ማንም አያቆመው። እኔ ሦስቱንም አዘጋጅቼለት ነበር።

አሁን አፈሬ ግማሹ ሻካራ አሸዋ ነው። ኮምፖስት ጥቂት፤ ሀብታም አፈር ቅጠል ያሳምራል እንጂ ሥር ያሰንፋል። ዘሩን ከሸፈንሁ በኋላ ላዩ ላይ ስስ ጠጠር እበትናለሁ፤ የችግኙ አንገት ደረቅ እንዲሆን። ውሃውን ሳጥኑን ከሥሩ ነክሬ ወደ ላይ እንዲመጣ አደርጋለሁ። ላስቲኩን ጥዬዋለሁ። ነፋስ ይምታቸው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከትልቅ ግራር ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥቼ እቀላቅላለሁ። ሥሩ ላይ ኳስ መሳይ እባጮች የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ከዚያ ይመጣሉ። እባጩን በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ዛፉን እየመገቡ ነው ማለት ነው።

ከቀሩት አንዷን ለማየት ብዬ ሠዋኋት። አፈሩን በውሃ እያጠብሁ ቀስ ብዬ አወጣኋት። አምስት ሳምንቷ ነበር። ከአፈር በላይ 4 ሳንቲ ሜትር። ከአፈር በታች 31። እኔ ከላይ ቆሜ «ይቺ ነገር አታድግም እንዴ?» እያልሁ ሳማርር፣ እሷ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አልጠፋም። የት ድረስ ነው የሚወርደው? በካላሃሪ በረሃ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ቦሺያ የምትባል አጭር ዛፍ ሥሯ 68 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። አሪዞና ውስጥ ማዕድን ሲቆፈር ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ ታይቷል። ኒጀር ውስጥ ደግሞ በቴኔሬ በረሃ ሌላ ዛፍ በሌለበት ብቻዋን የቆመች ግራር ነበረች። አጠገቧ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሯ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ ውሃ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት። ያ ሁሉ ሜዳ እያለለት!

እንግዲህ ይህንን ሥር ነው 15 ሳንቲ ሜትር የላስቲክ ከረጢት ውስጥ የምንከተው። የመጀመሪያዎቹን ችግኞቼን አንድ ዓመት ሙሉ ከረጢት ውስጥ አቆየኋቸው። ያምራሉ፤ ሰው ሁሉ ያደንቃቸዋል። ልተክላቸው ከረጢቱን ስቀድ ሥሩ ከታች እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ነበር። ማስተካከል ነበረብኝ። «ግድ የለም፣ መሬት ሲያገኝ ይፈታል» ብዬ እንዳለ ተከልሁት። አይፈታም። የተጠቀለለ ሥር እንደተጠቀለለ ይወፍራል። በሦስተኛው ዓመት፣ ቁመቱ ከእኔ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የነፋስ ሌሊት ገንድሶት አደረ። ጠዋት ሄጄ ሳየው የሚይዘው ሥር አልነበረውም። ወደ ታች የሄደ አንድም የለ። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ከረጢቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ረጅምና ጠባብ ነገር ነው የምጠቀመው፤ ታቹ ክፍት የሆነ። መሬት ላይ አላስቀምጠውም፤ በሽቦ አልጋ ላይ ከፍ ይላል። ሥሩ ታች ደርሶ አየር ሲነካው ጫፉ ይደርቅና ከላይ አዳዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። አይጠቀለልም። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ ቦታው ከተገኘ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ ዝናቡ ሲረጋ በቀጥታ መሬት ላይ መዝራት ይመስለኛል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ዘር። ግማሹን አይጥ ይበላዋል። የቀረው ከረጢት የሚባል ነገር ሳያውቅ ያድጋል። ከቀጥታ የዘራኋቸው ሁለቱ በሁለተኛው ዓመታቸው ከትልልቆቹ ችግኞች እኩል ደርሰዋል፤ ያውም ያለ ውሃ ማጠጫ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ድርቅን የሚችል፣ ቶሎ የሚበቅል፣ ፍየል የማይበላው ዛፍ ሲሰጧችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ፕሮሶፒስ በአፍሪካ ቀንድና በሕንድ የግጦሽ መሬት እያጠረ ስንቱን ከብት አርቢ አማርሯል። የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ በረሃን ሊያለመልሙ ነበር። ሳሊግና የምትባለው የአውስትራሊያ ግራርም በደቡብ አፍሪካ እንዲሁ ናት። የቦታውን የራሱን ዛፍ መፈለግ ይሻላል። ዘሩ ያስቸግራል፤ ያስቸግር።

ዘንድሮ የተረፉትን ችግኞች እያለማመድኋቸው ነው። በየቀኑ የነበረውን ውሃ ወደ ሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ ወደ ሳምንት አራዝሜዋለሁ። ስሰጥ ግን እስከ ታች አርሳለሁ። ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩን ላይ ላዩን ይጠራዋል። ይህ ሥራ ምንም ድካም የለውም፤ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ማጠጫው በር አጠገብ ነው ያለው። ሳልፍ እጄ ይሄዳል።

ትናንት ቀትር ላይ አንዷ ቅጠሏን አጥፋ አንገቷን ደፍታ አየኋት። ማጠጫውን አነሣሁ። ሞላሁት። እስከ ችግኞቹ ድረስ ይዤው ሄድሁ። ከዚያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድሁ፤ ጥፍሬ እስኪጠፋ ድረስ ደረቅ ነው፣ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። ማጠጫውን እዚያው አስቀምጬ ገባሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቼ ሳያት ቀና ብላለች።